ቦረና ለማስተማር ለምትመደቡ ልጆች

ዘንድሮም ተመርቃችሁ ወደ ቆላው የምትወርዱ አላችሁ አሉ፣ ጡረተኛ መምህር ወሬ ያበዛል ካላላችሁኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክር በሉት ኑዛዜ እንደፈለጋችሁ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦረና ስመደብ ልጅ ነበርኩ፣ ኩራቴ ደግሞ ከሻንጣዬ ይከብድ ነበር። ትምህርቱ ያኔ በአማርኛ ነው፣ ልጆቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ። ሒሳብ ላይ የሚያስደነግጥ አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ታህሳስ ላይ ጠፋ፣ ጥርም የለም የካቲትም የለም፣ እኔም በቀይ እስክሪብቶ ቀሪ ቀሪ ቀሪ እያልኩ ሞላሁና ድገም አልኩት። መጋቢት ላይ ዝናቡ ጥሎ ሲመጣ የት ነበርክ አልኩት፣ "ፎራ" አለኝ። ፎራ ምንድነው ብዬ ለመጠየቅ እንኳን አልደከምኩም!

ፎራ ምን መሰላችሁ፣ ቦረና ከብቱን ለሁለት ይከፍላል፣ የሚታለቡት ላሞች ከነጥጆቻቸው መንደር ይቀራሉ፣ እሱ ወራ ነው፣ ሌላው ከብት ከጎረምሶቹ ጋር ሣርና ውሃ ፍለጋ ርቆ ይሄዳል፣ እሱ ነው ፎራ። ዋናው ዝናባቸው ገና ይባላል (የኛ ገና እንዳይመስላችሁ) ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ክፉው በጋ ቦና ደግሞ ከታህሳስ እስከ የካቲት። ትምህርት ቤት ግን የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ለደጋው ክረምት ተብሎ የተሰራ ካላንደር እኮ ነው፣ ልጁ ከብቱን ይዞ መሄድ ባለበት ሰዓት እኛ የአጋማሽ ፈተና እንፈትናለን።

በኋላ አንድ ሽማግሌ ኤላ፣ የውሃ ጉድጓዱ ማለት ነው፣ ይዘውኝ ወረዱ። ዘጠኙ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ አይደል፣ ጎረምሶቹ አንዱ ካንዱ በላይ ተደራርበው ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ውሃውን ወደ ገንዳው ያወጣሉ፣ በዘፈን ነው፣ ዘፈኑ ካልተስማማ ባልዲው ይወድቃል። ማን መቼ እንደሚያጠጣ ተራውን የሚይዘው አባ ሄሬጋ ነው። ወረቀት የለውም። የማን መንጋ ስንት እንደሆነ፣ ድርቁ ሲበረታ በስንት ቀን አንዴ ማን እንደሚደርሰው፣ መንገደኛ ከመጣ የቱ ጋ እንደሚገባ ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ያ ድገም ያልኩት ልጅ ከአጠገቡ ቆሞ ሲያሰላ አየሁት፣ እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምረው የከረምኩትን ማካፈል ማለት ነው። አፈርኩ።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲው ሲወጣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ተፈቀደ፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ቋንቋው ሲገባ ከብቱ ደጅ ቀረ ባይ ነኝ። ስለ ሣር ስናስተምር የሣር ስዕል እናሳያለን፣ ልጁ ግን የትኛው ሣር ወተት እንደሚጨምር ከነስሙ ያውቃል፣ ለጥጃ ተብሎ ታጥሮ የሚቆየውን ካሎ ደግሞ ቤቱ አጠገብ አለው። በዓመት አንድ ቀን የባህል ልብስ አስለብሶ ማስጨፈር ሀገር በቀል እውቀት ማስተማር አይደለም፣ ይሄን ነገር በጣም ነው የምጠላው። ታሪክ የምታስተምሩም ብትሆኑ፣ ገዳው በየ8 ዓመቱ ስልጣን ስለሚያስረክብ ሽማግሌዎቹ ዘመን የሚቆጥሩት በአባ ገዳዎቹ ስም ነው፣ በዩኔስኮ ተመዘገበ ብላችሁ ከምታልፉት ቁጭ ብላችሁ አስቆጥሯቸው።

ደሞ ፎራ ራሱ ይበቃዋል ብላችሁ ልጁን እዛው እንዳትተዉት። ከ2013 ጀምሮ ዝናቡ 5 ጊዜ በተከታታይ ሲከሽፍ ከብቱ አለቀ፣ ፊደል ያልቆጠረው ጎረምሳ ከተማ ገብቶ የጠበቀው የቀን ስራ ነው። ሴቶቹም አሉ፣ ውሃ ቀጂ ተብለው ከሁሉ ቀድመው ከትምህርት የሚቀሩት እነሱ ናቸው፣ ስለነሱ ብዙ መጻፍ ነበረብኝ። አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለው፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን በ3 ዓመት የሚጨርሰው ማለቴ ነው፣ ሰዓቱን ከእረኝነቱ ጋር ማስማማት ይቻላል፣ እዛ ከተመደባችሁ እንደተቀጣችሁ አትቁጠሩት።

መጀመሪያ ቀን ስም ጠርታችሁ ስትጨርሱ ስለ ላሞቻቸው ጠይቁ። የላሟን መልክ በስንት ቃል እንደሚለዩት ስሙና በቋንቋቸው ጻፉት፣ ካልገባችሁ ይስቁባችኋል፣ ይሳቁ። እኔ መጻፍ የጀመርኩት አራተኛ ዓመቴ ላይ ነው፣ አምስተኛው ላይ ተዛወርኩ፣ ደብተሩ እስካሁን አለ፣ ግማሹ ባዶ ነው።