የእስያ ዝርያ ያላቸው አመልካቾች በአሜሪካ ኮሌጆች ቅበላ ይበደላሉ ወይ?

ጠያቂዋ እህታችን፣ የልጅዎ የቅርብ ጓደኛ ከኮሪያ ቤተሰብ የተወለደ መሆኑን፣ እናቱም «እኛ እስያውያን ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለመግባት ከሌላው የበለጠ እንጠየቃለን» ማለታቸውን ጠቅሰው፣ ይህ እውነት ነው ወይስ ልጁ ያልተሳካለት ወላጅ የሚጽናናበት ወሬ ነው ብለው ጠይቀዋል። እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር 17 ዓመት ሆኖኛል፤ በየዓመቱም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የድጋፍ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ስለዚህ የምመልስልዎ ካነበብሁትም፣ ከራሴ እጅ ከወጣውም ነው። የእናቲቱ ቅሬታ መሠረት አለው፤ ነገር ግን ጉዳቱ የሚደርሰው ብዙ ሰው በሚጠረጥረው በኩል ብቻ አይደለም።

ነገሩ ከሐሜት ወጥቶ በማስረጃ የተመዘነው፣ ኤድዋርድ ብለም የመሠረቱት «ስቱደንትስ ፎር ፌር አድሚሽንስ» (ተማሪዎች ለፍትሐዊ ቅበላ) የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርቫርድን ከከሰሰ በኋላ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ2018 ቦስተን ላይ በተካሄደው ችሎት ዩኒቨርሲቲው ደብቆ ይዞት የኖረው አሠራር ለሕዝብ ታየ። እያንዳንዱ አመልካች በትምህርት፣ ከክፍል ውጭ ባለው ተሳትፎ፣ በስፖርትና በሰብእና ነጥብ ይሰጠዋል። የእስያ ዝርያ ያላቸው ልጆች በትምህርት ነጥብ ከሁሉም ይበልጡ ነበር፤ ከክፍል ውጭ ባለው ተሳትፎም የሚያንሱ አልነበሩም። ዝቅ ያሉት በሰብእና ነጥብ ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ልጆቹን ፊት ለፊት ተቀምጠው ያነጋገሯቸው የቀድሞ ተመራቂዎች ለእስያውያኑና ለነጮቹ የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኞቹን ልጆች በዓይናቸው አይተው የማያውቁት የቅበላ ቢሮው ሠራተኞች ግን ለእስያውያኑ ዝቅ ያለ ነጥብ መስጠታቸው ነው።

ክርክሩም የጠነከረው እዚህ ላይ ነው። በከሳሽ በኩል የቀረቡት የዱክ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ምሁር ፒተር አርሲዲያኮኖ፣ የሰብእናው ነጥብ ራሱ በአድልዎ የተነካ ስለሆነ ከስሌቱ ይውጣ አሉ፤ ሲወጣም እስያውያን የመግባት ዕድላቸው አንሶ ይታያል። በሃርቫርድ በኩል የቀረቡት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ምሁር ዴቪድ ካርድ ደግሞ ነጥቡ ይግባ፣ የወላጆች የሥራ ዓይነትና ሌላውም መረጃ ይታከልበት አሉ፤ ሲታከልም ልዩነቱ ለቁም ነገር የሚበቃ ሆኖ አይገኝም። ሁለቱ የተለያዩት በስሌት አይደለም፤ የተለያዩት ሚዛኑ ራሱ የተዛባ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ነው። በ2019 ዳኛ አሊሰን ባሮውስ ሆን ተብሎ የተፈጸመ አድልዎ አልተረጋገጠም ብለው ለሃርቫርድ ፈረዱ፤ በ2020 የይግባኙ ፍርድ ቤት አጸናው፤ በጁን 2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን በቅበላ ውሳኔ ውስጥ ማስገባትን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረው።

በዳኛ ባሮውስ ፍርድ ውስጥ እኔን ይዞ ያልለቀቀኝ አንድ ሐሳብ አለ፤ የሰብእና ነጥቡ ልዩነት በከፊል መምህራንና የትምህርት ቤት አማካሪዎች ከሚጽፉት የድጋፍ ደብዳቤ የመነጨ ሊሆን ይችላል የሚለው። ይህን ካነበብሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሬ ላይ የተቀመጡትን የቆዩ ደብዳቤዎቼን አውጥቼ አንድ በአንድ አነበብኋቸው። ለቬትናም፣ ለኮሪያና ለህንድ ልጆች በጻፍኋቸው ላይ «ታታሪ»፣ «ጸጥተኛ»፣ «ትሑት» የሚሉት ቃላት እየተመላለሱ መጡ። ለሌሎቹ ተማሪዎቼ ግን «ጓደኞቹን ያስተባብራል»፣ «ያልገባውን ሳይፈራ ይጠይቃል» ብዬ፣ ያደረጉትን እየጠቀስሁ ጽፌ ነበር። ሁሉንም እወዳቸው ነበር፤ ሁሉንም ያመሰገንሁ መስሎኝ ነበር።

ከነዚያ ደብዳቤዎች አንዱ እናትና አባቱ የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ስለነበራቸው የቬትናም ልጅ የተጻፈ ነው። እሱ ባለበት የጂኦሜትሪ ክፍል በዓመቱ አጋማሽ ከሆንዱራስ የመጣች፣ እንግሊዝኛ የማትችል ልጅ ገብታ ነበር። እሱም ስፓኒሽ አይችልም። ቢሆንም በየቀኑ ከጎኗ ተቀምጦ የማረጋገጫውን ደረጃዎች በባለ ቀለም እርሳስ በሥዕል ያሳያት ነበር፤ እኩል የሆኑትን ማዕዘኖች በአንድ ቀለም፣ ትይዩ መስመሮቹን በሌላ ቀለም። እስከ ሰኔ ድረስ ልጅቷ ሰሌዳው ላይ ወጥታ ትሠራ ጀመር። እኔ ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ፣ ስለ እሱ የጻፍሁት ታታሪና ጸጥተኛ መሆኑን ነው። ያመለከተባቸው ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አልተቀበሉትም። በእኔ ደብዳቤ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ ነገር ግን ስለ ሰብእናው ሊመሰክርለት የሚችለው ሰው እኔ ነበርሁ፣ አልመሰከርሁለትም።

እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ቁጥር አለ፤ አልሸሽገውም። በክሱ በቀረበው መረጃ፣ ሃርቫርድ ካመለከቱት ውስጥ በትምህርት ነጥብ ከላይ አንድ አሥረኛው ላይ ከነበሩት እስያውያን የገቡት 12.7 በመቶ ሲሆኑ፣ በዚያው ደረጃ ከነበሩት ጥቁር አመልካቾች የገቡት 56.1 በመቶ ናቸው። የእኛም ልጆች በጥቁርነት ስለሚቆጠሩ የኮሪያዊቷን እናት «ዝም ይበሉ» ለማለት አፍ አይኖረንም። ለጥቁር ልጆች በቅበላ የተደረገው ልዩ አስተያየት በዚህ አገር ታሪክ ምክንያት ተገቢ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ነገር ግን እዚያ ደረጃ ላይ የነበሩት ጥቁር አመልካቾች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ፣ የእስያውያኑ ወንበር በእነሱ ተወሰደ ማለት ሒሳቡ አይሆንም። በዚሁ ክስ በወጣው መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት ሃርቫርድ ከገቡት ነጮች ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስፖርተኞች፣ የተመራቂ ልጆች፣ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች፣ ወይም ከለጋሽ ቤተሰብ የመጡትን የሚያካትተው የዲኑ ልዩ ዝርዝር ውስጥ ያሉ እንደነበሩ አሳይቷል፤ በእስያውያን በኩል ይህ ከ16 በመቶ በታች ነበር። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴርም ገና በ1990 ባወጣው ምርመራ፣ እስያውያን ከነጮች ባነሰ መጠን የሚገቡት በተመራቂ ልጆችና በስፖርተኞች ቅድሚያ ምክንያት መሆኑን ገልጾ ነበር። ከስደተኛ ወላጆች የተወለደ ልጅ፣ የእኛም ይሁን የኮሪያዊቷ፣ አባቱ ሃርቫርድ አልተማረም።

ከ2023 ወዲህ ምን ተለወጠ ላሉት፣ መልሱ እንደየቦታው ይለያያል። በመጀመሪያው ዓመት ኤምአይቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች ውስጥ የእስያውያን ድርሻ ከ40 ወደ 47 በመቶ ከፍ ሲል፣ በሃርቫርድ 37 በመቶ ላይ ቆመ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ30 ወደ 24 በመቶ ወረደ። ዘራቸውን ሳይገልጹ ያመለከቱ ልጆች መኖራቸውም ንጽጽሩን ያደበዝዘዋል።

ለልጅዎ ጓደኛ የምመክረው ይህን ነው። የዘር መጠይቁን ይሙላው ወይም ይተወው፣ ዛሬ ወሳኞቹ ሊቆጥሩት አይፈቀድም፤ ነገር ግን «በጣም እስያዊ እመስላለሁ» ብሎ ቫዮሊኑን ወይም የኮሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ከማመልከቻው አይሰርዝ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ልጁ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያደረሰበትን በድርሰቱ እንዳይጽፍ አልከለከለም። የድጋፍ ደብዳቤ ከሚጽፉለት መምህራን ዘንድ በመስከረም ይሂድ፤ ውጤቱን ሳይሆን በክፍላቸው ውስጥ ያደረጋቸውን ሁለት ሦስት ነገሮች በአንድ ገጽ ጽፎ ይስጣቸው። መምህር የረሳውን ነገር አይጽፍም። እኔ አሁን ብዕር ከማንሣቴ በፊት ተማሪውን ግማሽ ሰዓት አስቀምጬ አነጋግረዋለሁ፤ እነዚያን ሦስት ቃላትም በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከኮምፒውተሬ ጠርዝ ላይ ለጥፌአቸዋለሁ፤ አንዱ እጄ ላይ ሲመጣ ቆም ብዬ፣ ልጁ ምን አድርጎ ነው እንዲህ ያልሁት ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።