ለትምህርት ባሕር ማዶ ለምትሄዱ ልጆች

ልጆቼ፣

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ቢሮዬ ብቅ ማለታችሁ የተለመደ ነው። ስኮላርሽፑ ተገኝቷል፣ ቪዛው ተመትቷል፣ በርበሬውና ሽሮው ሻንጣ ውስጥ ገብቷል። «ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?» ትሉኛላችሁ። ስለ መምህራኑ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ብርዱ እንድነግራችሁ ትጠብቃላችሁ። የእኔ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ውሃ የማያስገባ ጥሩ ጫማ ግዙና ከተማውን በእግራችሁ እወቁት። «ይሄ ብቻ?» የሚል ነገር ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ነገሩ በቁም የሚያልቅ ስላልሆነ ዛሬ ልጻፈው።

እኔ ለንደን የገባሁት መስከረም 1986 ዓ.ም. ነው፤ የውሃ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለመሥራት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በባቡር ከመሬት በታች ስመላለስ አሳለፍኳቸው። ጠዋት ከማደሪያዬ ወጥቼ ጣቢያ እወርዳለሁ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ብቅ እላለሁ፣ ማታ በዚያው እመለሳለሁ። ሁለቱን ጣቢያዎች አውቃለሁ፤ በመካከላቸው ያለውን አገር አላውቀውም። አንድ ቅዳሜ ከሌስተር ስኩዌር ተሳፍሬ የሚቀጥለው ጣቢያ፣ ኮቨንት ጋርደን፣ ወረድኩ። ወደ ላይ የሚያወጣውን ሊፍት ተሰልፌ ጠበቅኩ። ስመለስ መንገድ ጠይቄ በእግሬ ሄድኩ፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለው ርቀት 260 ሜትር ገደማ ነው። ያን ዕለት ማታ ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ካርታ ማንበብ ሙያዬ ነው፤ ሦስት ወር የኖርኩበትን ከተማ ግን አላውቀውም።

በማግሥቱ «ኤ ቱ ዜድ» የሚሉትን የመንገዶች ካርታ መጽሐፍ ገዛሁ። ሁለት እሑድ እግሬ እንዳመራኝ ስዞር ዋልኩ። ደክሞኝ ገባሁ እንጂ በእጄ የጨበጥኩት ነገር አልነበረም። ሦስተኛውን እሑድ የተለየ ያደረገው አንድ ጥያቄ ይዤ መውጣቴ ነው፦ ውሃው በየት በኩል ይሄዳል?

ጥያቄውን የሰጠኝ ሶሆ ሰፈር፣ ብሮድዊክ የሚባል መንገድ ላይ የቆመ የእጅ ፓምፕ ነው፤ እጀታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1854 ክረምት እዚያ አካባቢ ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ከ600 ሰው በላይ ፈጀ። የዘመኑ ሹማምንት በሽታው የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን ነገሩ ከውሃ ነው ብሎ ተነሣና ከሟች ቤት ወደ ሟች ቤት እየሄደ «ውሃ የምትቀዱት ከየት ነበር?» እያለ ጠየቀ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ ፓምፕ ወሰደው። ከፓምፑ አጠገብ ያለ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን አልሞቱም፤ የሚጠጡት ቢራ ነበርና። መስከረም 8 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ይህን ታሪክ ሙያችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ ብዙም የማይነሣው ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባለው የሰበካው ወጣት ቄስ ነው። ቄሱ የስኖውን ሐሳብ አላመነበትም ነበር፤ ውሸት መሆኑን ላሳይ ብሎ ነው የተነሣው። የሰፈሩን ሰው በስም ያውቃል፣ በሩ ይከፈትለታል፣ አንዱን ቤት አራት አምስት ጊዜ ይመላለስበታል። በመጨረሻ ከፓምፑ ፊት ለፊት ባለው ቤት የታመመች ሕፃን እንደነበረች፣ እናቷም የሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ ከቤቱ ሥር ባለ የፍሳሽ ጉድጓድ እንደደፋች ደረሰበት። ያ ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነበር የሚርቀው። ሊያፈርሰው የተነሣውን ሐሳብ ራሱ አቆመው። እኔ ከሐኪሙ ይልቅ ለዚህ ቄስ አደላለሁ። የተሳሳተ ሐሳብ ይዞ ወጣ፣ እግሩ ግን ወደ እውነቱ መለሰው።

እና እኔም ውሃ ተከትዬ ሄድኩ። ለንደን መሐል ለመሐል ፍሊት የሚባል ወንዝ አላት። ከሰሜን፣ ከሃምስቴድና ከሃይጌት ኮረብታ ተነሥቶ ወደ ቴምዝ ይወርዳል፤ ማንም ግን አያየውም። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀስ በቀስ እየተሸፈነ የፍሳሽ መስመር ሆኗል። ሃምስቴድ ላይ ከተገደቡት ኩሬዎች ጀምሬ በኬንቲሽ ታውን፣ በካምደን፣ ከአሮጌው የሴንት ፓንክራስ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ በኪንግስ ክሮስ አድርጌ እስከ ብላክፍራያርስ ድልድይ ድረስ ወረድኩ። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ፈጀሁበት። ወንዙ ባይታይም ይታወቃል። መንገዱ ያለ ምክንያት ሲጠማዘዝ ወንዙ ነው። ግራና ቀኙ ዳገት ሆኖ መሐሉ ሲሰረጉድ ወንዙ ነው። ሆልቦርን ላይ መንገድ በመንገድ ላይ የሚሻገርበት ትልቅ ድልድይ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1869 የተከፈተ፤ ከሥሩ ውሃ አይታይም፣ ሸለቆው ግን እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 በዓለም የመጀመሪያውን የምድር ውስጥ ባቡር ሲቆፍሩ ይኸው የተቀበረ ወንዝ ግድግዳውን ጥሶ ቁፋሮውን አጥለቅልቆት ነበር። የሃይድሮሎጂ መምህራችን «ውሃ መንገዱን አይረሳም» ሲሉ ሰምቼ ጽፌ ነበር። የገባኝ ግን ካምደን ላይ፣ ጉልበቴ ቁልቁለቱን ሲያውቀው ነው።

ሬይ ስትሪት የምትባል ትንሽ መንገድ አለች፣ ፋሪንግደን አጠገብ። አስፋልቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። በሌላ እሑድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር፣ መኪና ሳይበዛ፣ ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሚወርድ ውሃ ድምፅ ሰማሁ። ጠብ ጠብ አይደለም፤ የክረምት ወንዝ ከሩቅ ሲሰማ የሚያሰማው ዓይነት፣ ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅ ነው። የመኪና ጭስና የእርጥብ ብረት ሽታ ነበር፣ ጉልበቴ ረጥቧል፣ ቀና ማለት አልፈለግኩም።

ቀና ስል ውሻ የያዙ ሽማግሌ ቆመው ያዩኛል። የጠፋብኝ ነገር እንዳለ ጠየቁኝ። ወንዙን እየሰማሁ ነው አልኳቸው። «ልጆች ሆነን እኛም እንዲሁ እናደርግ ነበር» አሉኝና አብረን ትንሽ ሄድን። ወላጆቻቸው ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ ያ ሰፈር ድሮ የጣሊያኖች ሰፈር ነበር። ክላርከንዌል ሮድ ላይ ያለውን የቅዱስ ጴጥሮስ የጣሊያኖች ቤተ ክርስቲያን አሳዩኝ። በረንዳው ላይ አንድ መታሰቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 ጣሊያን ጦርነት ስትገባ እንግሊዝ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ጣሊያኖች ተለቅመው ታሰሩ፤ የተወሰኑትን ወደ ካናዳ ይዛ ስትሄድ የነበረችው አራንዶራ ስታር የተባለች መርከብ በጀርመን ቶርፔዶ ተመትታ ሰጠመች። ከሞቱት ውስጥ ከ400 በላይ ጣሊያኖች ነበሩ፤ ሽማግሌው ከሰፈራቸው የሚያውቋቸው አሉባቸው። እኔ በዚያው ዓመት አያቴ ጫካ እንደነበሩ፣ ከጣሊያን ጋር ይዋጉ እንደነበር ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ቡና ልጋብዝህ» አሉኝ። ስለ ወንዙ ልጠይቅ ወጥቼ ይህን ይዤ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያን ሰፈር «የሰው አገር» ማለት አቃተኝ።

የእኔ ጥያቄ ውሃ ነበረ፤ የእናንተ ሌላ ይሁን። ኢኮኖሚክስ የምታጠኑ ከሆነ ዳልስተን ውስጥ ያለውን የሪድሊ ሮድ ገበያ ቅዳሜ ጠዋትም ቅዳሜ ማታም እዩት፤ ቲማቲሙ በሳሕን በስንት ሲሸጥ ውሎ በስንት እንደሚያልቅ መዝግቡ። ታሪክ የምታጠኑ ብሪክ ሌን ሂዱና ጥግ ላይ ያለውን የጡብ ሕንፃ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1743 ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት ሆኖ ተሠራ፣ ኋላ የሜቶዲስቶች ሆነ፣ በ1898 የአይሁድ ምኩራብ፣ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ የባንግላዴሾች መስጊድ። ግድግዳው አንድ ነው። ስደት ማለት ምን እንደሆነ ከዚያ ግድግዳ የበለጠ ያስረዳኝ ሌክቸር አልገጠመኝም። የእናንተ ከተማ ዴልሂ ወይም ኢስታንቡል ከሆነም እንዲህ ያለ ግድግዳ አይታጣም፤ እዚያ የሚኖር ሰው ጠይቁ።

ጥቂት የአሠራር ነገር ልንገራችሁ። ካርታውን ቤት ሳላችሁ አጥኑትና ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። ሰማያዊዋን ነጥብ ስትከተሉ የምታዩት ነጥቧን ነው። ለንደን ውስጥ የመንገዱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ የፖስታ ክልሉም አለ፤ ከእሱ ብቻ በየት በኩል እንዳላችሁ መገመት ትለምዳላችሁ። አንዱን ሰፈር ከሦስት ጊዜ ያላነሰ፣ በተለያየ ሰዓት ሂዱበት። በታኅሣሥ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለችና ማልዳችሁ ውጡ። ሴት ልጆቼ ከእኔ የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚጠየቁ አውቃለሁ፤ ሁለት ሆኖ መሄድ፣ የሚሄዱበትን ለሰው መንገር ነውር የለበትም። ጥቁር በመሆናችሁ የሚገላምጧችሁ ሰፈሮችም ይኖራሉ። እኔን አንድ ሀብታም ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው እቤቱ በር ላይ ቆሞ እስካልፍ ድረስ ተከታትሎኛል፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። በሚቀጥለው እሑድ በዚያው መንገድ ተመልሼ ሄድኩ፤ መንገዱ የሕዝብ ነው። ልባችሁ «ውጣ» የሚላችሁ ቦታ ግን ከሆነ ውጡ።

ብቸኝነቱንም አንርሳው። ከእናንተ ብዙዎቹ ቅዳሜና እሑድ ክፍላችሁን ዘግታችሁ ከአዲስ አበባ ጋር በስልክ እንደምትውሉ አውቃለሁ። እኔም ጀምሬው ነበር። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ የእኛን ምግብ ቤት በአጋጣሚ ያገኘሁት ከኪንግስ ክሮስ ወደ ላይ በእግር ስወጣ ነው፤ የበርበሬውን ሽታ ቀድሞ ያወቀው አፍንጫዬ ነው። እንጀራ ፊት ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ። አገራችሁን ብትናፍቁ አይፈረድባችሁም። ብቻ ናፍቆቱን ይዛችሁ ውጡ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። ከለንደን ከተመለስኩ ጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ሰፈር የጎርፍ መውረጃ ዲዛይን ሠራሁ። ቶፖ ማፑን፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየውን ካርታ፣ ዘረጋሁ፣ ስሌቱን በትክክል ሠራሁ፣ ቦታውን በመኪና ሁለት ጊዜ ዞር ዞር ብዬ አየሁት። በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ጎርፉ ቦዩን ትቶ ስምንት ቤት ገባ። በማግሥቱ ስሄድ አንዲት እናት ፍራሻቸውን አጥር ላይ አስጥተው፣ ጭቃውን በአካፋ እየዛቁ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ጎርፉ እኮ በዚያ በኩል መምጣት የተወው የትምህርት ቤቱ አጥር ከታጠረ ጀምሮ ነው። ሦስት ክረምት ሆነው። ማን ጠየቀን?» አሉኝ። ካርታዬ ከአጥሩ በፊት የተነሣ ነበር። ከሰፈሩ አናት እስከ ወንዙ በእግር ቢወረድ ሃያ ደቂቃ ነው። የፍሊትን ሰባት ኪሎ ሜትር ቀን ሙሉ የሄድኩ ሰው፣ በገዛ አገሬ ያቺን ሃያ ደቂቃ አልሄድኳትም። እዚያ እንግዳ ነበርኩና እጠይቅ ነበር፤ እዚህ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ቦዩን እንደገና ሠራነው። የእኚያ እናት ፍራሽ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ በእግሬ ያልሄድኩበት ቦታ ዲዛይን ላይ አልፈርምም። ቢሮዬ ያሉ ወጣቶች ይህን ያውቃሉ፤ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ቀድመውኝ ይወጣሉ።

ስለዚህ ሂዱ፣ ተማሩ፣ በየሄዳችሁበት ከተማ ሰፈር ለሰፈር ዙሩ። ማስታወሻ ደብተራችሁን አትጣሉት። ስትመለሱ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቀበና ድልድይ ጋ ታገኙኛላችሁ። ወንዙን ይዘን ወደ ታች እንወርዳለን፤ ያያችሁትን እየነገራችሁኝ።