መልስ፦ ለደሴ ቤተሰቦች በየሳምንቱ አትክልት ማቅረብ ያዋጣል?

ወንድሜ፣ ሐይቅ አካባቢ ባለችህ ግማሽ ሄክታር አትክልት አምርተህ ለደሴ ቤተሰቦች በየሳምንቱ በደንበኝነት ማቅረብ ያዋጣል ወይ ብለሃል። ያዋጣል! ግን ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳትዘራ። በአንዴ የተዘራ ሰላጣ በአንዴ ይደርስና ግማሹ ማሳው ላይ አብቦ ይቀራል፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ መደብ ከዘራህ ግን የደንበኛህ ዘንቢል ባዶ አይሆንም። መተማመኛህ ጎመንና ቆስጣ ይሁኑ። የውጭ የውጩን ቅጠል እየቀነጠስክ ልቡን ከተውክለት መልሶ ያወጣል። ካሮት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ችግኝ አታዛውር፣ እዚያው ዝራና አሳሳው።

ቲማቲምን በክረምት ሜዳ ላይ አትድፈር። ዝናብና ጉም ሲበዛ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ፍሬውም ይበሰብሳል። ከመስከረም በኋላ በመስኖ ብታለማው ይሻላል። በልግንም ብዙ አትመን፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል።

ሌላው፣ ወሎ ውስጥ እንደሆንክ አትርሳ፤ ደንበኞችህ ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመንና ቀይ ሥር እንደ ጉድ ይፈለጋል፣ ስለዚህ ጾሙ ከሚያዝበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥረህ ዝራ። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ስለሚል ያምናው ወቅት ለዘንድሮ አይሠራም፣ ለማፍጠሪያ ሾርባና ለሳምቡሳ ካሮትና ሽንኩርት ያኔ ይድረስልህ።

ክፍያውን በወሩ መጀመሪያ ተቀበል፣ የዘርና የማዳበሪያ ወጪህን ይሸፍንልሃል። ዝናብ ከጠፋ ዘንቢሉ እንደሚቀንስ ግን ከመነሻው በግልጽ ንገራቸው። ስትጀምር ለምታውቃቸው ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ አድርገው፣ ማሳህ ምን ያህል እንደሚችል ስታይ ትጨምራለህ።