ፀጉሬ ከፊት እየሸሸ ነው፣ ውሃው ይሆን?

ከአንባቢያን ለፋርማሲስቱ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው፣ የምፅፈው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ፀጉሬ ከፊት መሸሽ የጀመረው 22 ዓመቴ ላይ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው፣ አሁን ግራና ቀኙ ገብቷል፣ አናቴም ሳስቷል። እዚ ከገባን ወዲህ የባሰብኝ ስለሚመስለኝ የጉድጓድ ውሃው ነው እላለሁ፣ ሰፈሩም እንደዛ ነው የሚለው፣ እናቴ ግን ያባትህ ነው ተወው ትለኛለች። ነጭ ሽንኩርት ቀብቻለሁ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የጉሎ ዘይት፣ ያልቀባሁት የለም። አምና ሚኖክሲዲል ገዝቼ ሁለት ወር ስቀባ ጭራሽ ትራሴ ላይ ፀጉር መልቀም ስጀምር ደንግጬ ተውኩት። አሁን ቱርክ ሄጄ ላስተክል ብዬ እቁብ ገብቻለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቤተክርስቲያን ስሄድ ኮፍያ ማውለቅ ስለሚከብደኝ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ነው የማስቀድሰው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአጥሩ ውጪ የምትለዋ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። እኔንም 26 ዓመቴ ላይ ነው የጀመረኝ፣ አሁን 44 ነኝ፣ እና ይሄን ነገር ቀላል ነው ብሎ ሊያልፍብህ የሚሞክር ሰው ደርሶበት አያውቅም ማለት ነው።

ከውሃው ልጀምር ምክንያቱም በአቃቂ አካባቢ ጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ሰዎች ሁሌ የምትጠይቁኝ እሱን ነው። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ሊበዛበት ይችላል፣ ሳሙና አላረፋ ይላል፣ ፀጉር ያደርቃል፣ ሊሰባብርም ይችላል፣ ግን ሥሩን አያጠፋውም። ውሃ ቢሆን ኖሮ ጎንህንም ማጅራትህንም እኩል ይመታው ነበር፣ ያንተ ግን የሄደው ከፊትና ከአናት ብቻ ነው፣ እሱም ገና ቱሉ ዲምቱ ሳትገባ በ22 ዓመትህ ነው የጀመረው። ስለዚ ውሃውን ልቀቀው። በፈረቃ ሲመጣ ጄሪካን ሞልተህ በሳምንት ሁለቴ ራስህን ብትታጠብ ይበቃሃል፣ መድሃኒት የሚቀባ ሰው በየቀኑ መታጠብ አለበት የሚባለውም ልክ አይደለም።

እናትህ ያሉት ደሞ ግማሹ እውነት ነው። ነገሩ በዘር ይመጣል፣ ካባትም ከናትም ወገን። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ሰውነት ውስጥ ወደ ዲኤችቲ ይቀየራል፣ ከፊትና ከአናት ያለው የፀጉር ሥር ደግሞ በተፈጥሮው ለዲኤችቲ ስስ የሆነበት ሰው አለ። ሀሚልተን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1942 እንዳሳየው ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች በዚህ ዓይነት በራ አይሆኑም፣ ሆርሞኑ ከሌለ ነገሩ የለም። እና ፀጉርህ ባንዴ ነቅሎ አይደለም የሚሄደው። አንድ የራስ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድግና ሦስት ወር ገደማ አርፎ ይወድቃል፣ በቦታው ሌላ ይበቅላል፣ ባንተ ራስ ላይ ግን በየዙሩ የሚበቅለው ከበፊቱ እየቀጠነ እያጠረ ይመጣና መጨረሻ ላይ የህፃን ፀጉር ይመስላል። መስታወት ፊት ቆመህ ግንባርህ ላይ በደንብ ብታይ እነዛን ቀጫጭኖች ታገኛቸዋለህ። ሥሩ ገና በሕይወት ያለው እነሱ ጋ ነው፣ ስለዚ "ተወው" በሚለው አልስማማም፣ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚ ዓይነቱ ነው።

ሚኖክሲዲሉን ያቋረጥከው በጣም በማይሆንበት ሰዓት ነው፣ ሳነበው አዘንኩ። ከጀመርክ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው፣ መድሃኒቱ አርፎ የተቀመጠውን ፀጉር ገፍቶ አዲሱን ዙር ስለሚያስጀምር ነው። ለውጥ ማየት የሚጀመረው ከ4 እስከ 6 ወር ነው፣ ሰራ አልሰራም ብሎ ለመፍረድ አንድ ዓመት ይፈልጋል። ይሄን ሻጩ ሊነግርህ ይገባ ነበር። አቀባቡ ደሞ 5 ፐርሰንቱን 1 ሚሊ ሊትር ጠዋትና ማታ፣ በደረቀ ራስ ላይ፣ ፀጉሩን ሳይሆን ቆዳውን። የማታውን ቢያንስ ከመተኛትህ 2 ሰዓት በፊት፣ አለበለዚያ ትራሱ ነው የሚጠጣው። እጅህን ታጠብ። ግቢ ውስጥ ድመት ካለች እንዳታስነካት፣ ድመትን ይገድላል። ፈሳሹ ካሳከከህ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው ምክንያቱ፣ እንደ አረፋ የሚወጣው ፎሙ ያ የለበትም። እና ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፣ የሚውጡት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታይቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለራስ ፀጉር የተፈቀደው፣ ስለዚ ልብህ ቶሎ ቶሎ ቢመታ፣ ብትዞር፣ እግርህ ቢያብጥ አቁምና ሐኪም ጋ ሂድ።

ሁለተኛው ፊናስተራይድ የሚባለው የሚዋጥ ክኒን ነው፣ ደም ውስጥ ያለውን ዲኤችቲ ወደ 70 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ብዙ ወንዶች ላይ መሳሳቱን ያቆማል። ይሄኛውን ግን ከፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ሳይሆን ከቆዳ ሐኪም ጋር ተነጋግረህ ነው፣ አለርት ሆስፒታል ጥሩ የቆዳ ክፍል አለው፣ ሩቅ ቢሆንብህም አንዴ ሄደህ ታይ። ጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል ወይ ስንፈተ ወሲብ ያመጣል፣ አልፎ አልፎም ድብርት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣባቸውም አሉ። ካቆምከው በኋላ የቀጠለባቸውም አሉ። አስፈራርቼህ ሳይሆን፣ ስሜትህ ከተቀየረ በዛው ቀን አቁመህ ለሐኪሙ እንድትነግር ነው። ከዚ በፊት ድብርት ይዞህ ከሆነ መጀመሪያውኑ ንገረው።

አሁን ዋናው ነገር። ሁለቱም መድሃኒት የሚሰራው እስከወሰድከው ድረስ ነው፣ ካቆምክ በወራት ውስጥ ያተረፍከው ይሄዳል። ስለዚ ስትጀምር "ይሄ ያበቅላል ወይ" ብለህ ሳይሆን "ይሄን 5 ዓመት፣ 10 ዓመት መቀጠል እችላለሁ ወይ" ብለህ ነው ራስህን የምትጠይቀው። በወር የሚያስወጣህን ከደሞዝህ ቀንስና እየው። ሦስት ወር ገዝቶ ሁለት ወር የሚዘል ሰው ገንዘቡንም ፀጉሩንም ነው የሚያጣው፣ ለሱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ሳያቋርጥ መያዝ ይሻለዋል። እኔን 18 ዓመት ሙሉ ያቆየኝ አለማቋረጤ ብቻ ነው። በየሦስት ወሩ ደረጃው ጋ ባለችው መስኮት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ፀጉሬ ደርቆ በአንድ ቁጥር ተቆርጦ ፎቶ እነሳለሁ። መስታወት በየቀኑ ሲያዩት ይዋሻል፣ የዛሬ ዓመት ፎቶ ግን አይዋሽም።

ነጭ ሽንኩርቱን ተው፣ ቆዳ ያቃጥላል። ዘይቶቹ ፀጉር ያለሰልሳሉ፣ ደስ ካለህ ተቀባ፣ ዲኤችቲን ግን አይነኩትም። ስም የሌለው ጠርሙስ ግን በጭራሽ፣ እኔ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ካንድ ሱቅ "ይሄ ኃይለኛ ነው" ተብዬ የገዛሁት ቅባት ራሴን አቁስሎ ሦስት ሳምንት አሳክሞኛል።

እቁቡን በተመለከተ፣ ንቅለ ተከላ ከማጅራት ያለውን ፀጉር ወደፊት ማዛወር ነው፣ ማጅራት ላይ ያለው ደግሞ የተወሰነ ነው፣ አያልቅም ማለት አይደለም። ያንተ ገና እየሸሸ ነው። ዛሬ ፊት ለፊቱን ብታስተክልና መድሃኒት ካልያዝክ ከኋላው ያለው መሄዱን ይቀጥልና ከዓመታት በኋላ የተተከለው ብቻውን እንደ ደሴት ይቀራል። መጀመሪያ አንድ ዓመት በመድሃኒት አቁመው። ከዛ ካሰብክበት የኛ ዓይነት የተጠቀለለ ፀጉር ሥሩም ከቆዳ ስር የታጠፈ ስለሆነ እሱን ደጋግሞ የሰራ ሐኪም ፈልግ፣ ቁስል ሲድን ጠባሳው የሚያብጥብህ ከሆነም አስቀድመህ ንገረው።

ፆም ነው የሚያራግፈው የሚሉም አሉ፣ ፆሙ አይደለም፣ ምስርና ሽሮ እየበላህ ሁዳዴን ብትጨርስ ፀጉርህን አያራግፈውም፣ ባንዴ ብዙ ኪሎ መቀነስ ነው የሚያራግፈው፣ ታይፎይድም ከባድ ትኩሳትም ከ2 እና 3 ወር በኋላ ያራግፋል፣ እሱ ግን ይመለሳል። ሲጋራ ካለ ተው። ጂም ውስጥ የሚወጋ ሆርሞን ነገሩን ያፋጥነዋል። ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን ካልጎደለህ አይጠቅምህም፣ የደም ምርመራ ውጤትም ያዛባል።

ኮፍያው በራ አያደርግም፣ ከፈለግክ አድርገው። ግን ይሄን እሁድ ሳይሆን ነገ ፀጉር ቤት ሂድና ጎኑንም ላዩንም አሳጥሮ እኩል እንዲያደርገው ጠይቀው፣ ጎኑ ረዝሞ ላዩ ሲሳሳ ነው በጣም የሚታየው። ማጅራትህ ላይ ችፍ ችፍ የሚልብህ ከሆነ ዜሮ አታስላጨው። ማሽኑን በአልኮል ሲያፀዳ ቆመህ እይ፣ ጭርት በሱ ነው የሚተላለፈው። ከዛ ከአጥሩ ገብተህ አስቀድስ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለፀጉሩ ብሎ የፕሮስቴት መድሃኒቱን ፊናስተራይድ በቢላ አራት ቦታ እየከፈለ ይወስዳል። እኔ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጠረጴዛውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ከለገጣፎ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠረጴዛውን እሱ ይጥረገው። ለፀጉር የተሰራው 1 ሚሊ ግራም ነው፣ ለፕሮስቴቱ 5 ሚሊ ግራም፣ ብዙ ሰው የሚከፍለውም ለዚህ ነው። ሙሉው ክኒን የተሸፈነ ስለሆነ ቢነካሽ ችግር የለውም፣ የተሰበረው ዱቄቱ ግን በቆዳ ሊገባ ይችላል፣ የተፀነሰው ወንድ ከሆነ የብልቱን ዕድገት ሊጎዳ ይችላል። እስካሁን ነክተሽው ከሆነ አትሸበሪ፣ በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትልሽ ንገሪያቸው። የዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው መጠን እጅግ ትንሽ ስለሆነ እሱ አያሳስብሽ። ባለቤትሽም ደም መለገስ የለበትም፣ ካቆመ በኋላም አንድ ወር ይጠብቅ፣ ደሙ ለነፍሰ ጡር ሊሰጥ ይችላልና።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው፣ ፊናስተራይድ 12 ዓመት ወስጃለሁ፣ ፀጉሬን አቆይቶልኛል። አሁን ልጆቼ አደጉ፣ ክኒኑም ሰለቸኝ። ብተወው ምን ይሆናል? ከሰበታ።

መልስ፦ ጋሼ፣ አደገኛ ነገር አይመጣም። ያቆየልዎት ፀጉር ግን በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ይሄዳል፣ ሳይወስዱ ቢቆዩ ኖሮ ይደርሱበት ወደነበረው ቦታ ነው የሚጠጋው። 12 ዓመት ሳያቋርጡ መያዝ ትልቅ ነገር ነው፣ በቃኝ ማለትም የርስዎ መብት ነው፣ ማንም ቅር ሊልዎት አይገባም። አንድ ነገር ግን አደራ። በርስዎ ዕድሜ ለፕሮስቴት ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይችላል፣ ፊናስተራይድ ደግሞ ያንን ቁጥር በግማሽ ያህል ያወርደዋል፣ የማያውቅ ሐኪም ወረቀቱን አይቶ "ደህና ነዎት" ሊልዎት ይችላል። ተዉትም አልተዉትም፣ ለምርመራው ደም ሲሰጡ ስንት ዓመት እንደወሰዱና መቼ እንዳቆሙ ካርዱ ላይ ያስፅፉ።