አላይመንቱ ለምን አይጸናም? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቪትዝ ናት። በአራት ወር ሦስት ጊዜ አላይመንት አሠራሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው መሪው ወደ ቀኝ ዞሮ ይቀመጣል። እንዲህ ቶሎ ይበላሻል እንዴ?

መልስ፦ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫና ማዘንበል ልክ፣ በራሱ አይበላሽም። ጎማውን በአቅጣጫው የያዙት ብረት፣ ጎሚኒ (በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባው ላስቲክ) እና ቡሎን ናቸው፤ የላላ፣ ያለቀ ወይም የታጠፈ ነገር ከሌለ ልኩ የትም አይሄድም። የሦስቱንም ጊዜ የልክ ወረቀት አውጣና ከመስተካከሉ በፊት የተለካውን ረድፍ ብቻ አስተያይ። የሚቀያየረው ቶ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም የጎማዎቹ ፊት መጥበብና መስፋት፣ ችግሩ ያለው መሪው መስመር ላይ ነው፦ ታይሮድ ኤንድ (የታይሮዱ፣ ማለትም የመሪ ሳጥኑን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ፣ በጎማው በኩል ያለ ጫፍ)፣ የውስጥ ታይሮድ (በመሪ ሳጥኑ በኩል ያለው)፣ የመሪ ሳጥኑ ማሰሪያ ጎሚኒ። ካምበሩም፣ ማለትም የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል፣ አብሮ ከተቀየረ ሎወር አርሙን (ጎማውን ከታች የያዘውን ክንድ)፣ ቦል ጆይንቱን (የክንዱን ክብ መገጣጠሚያ) እና ሾክ አብዞርበሩን ከታች የያዙትን ሁለት ቡሎኖች ፈትሽ። ወረቀት የማይሰጥ ቤት ከሆነ ቤቱን ቀይር።

ከሁሉ ቀድሞ ግን የታይሮዱን ማሰሪያ ዳዶ እይ። ሠራተኛው ልኩን ካስተካከለ በኋላ ዳዶውን ሳያጠብቅ ይረሳዋል፤ ታይሮዱ በጉዞ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። ከዳዶው እስከ ዘንጉ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር አስምር። ከሳምንት በኋላ መስመሩ ከተቆራረጠ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ጋራዡ በክሪክ አንስቶ ነቅንቆ "ሁሉም ደህና ነው" አለኝ።

መልስ፦ በክሪክ የተንጠለጠለ ጎማ ብዙ ይደብቃል። አራቱም ጎማ መሬት ይዞ ሞተሩ ተነስቶ፣ አንድ ሰው መሪውን አንድ ስንዝር ያህል ግራ ቀኝ ያወዛውዝ። ሌላው ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጣቱን እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ያሳርፍ። ያለቀ ታይሮድ ኤንድ ዓይን ሳያየው በጣት ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል። የውስጡ ታይሮድ ላስቲክ ለብሶ ስለሚደበቅ ላስቲኩን ጨብጦ መዳሰስ ነው። የሎወር አርሙን የኋላ ጎሚኒ ደግሞ በረጅም ብረት ፈልቅቀህ እየው፤ ስንጥቁ የሚታየው ሲለጠጥ ነው። መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን፣ ነዳጅ ሲረገጥ ወደ ሌላው የምትሄድ ከሆነ ጥርጣሬዬ እሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጎሚኒውን አስቀይሬ ነበር፤ ሁለት ወር ሳይቆይ ተቀደደ። ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል እህቴ፤ ግን አገጣጠሙንም ጠይቂ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ተጣሞ ይቀራል። ቆሞም እንደተጣመመ ነው የሚውለው፤ በየጉድጓዱ ደግሞ የበለጠ ይጣመማል። የሎወር አርሙ ቡሎን መጀመሪያ ላላ ተደርጎ ይያዝ፤ መኪናው በጎማው ሲቆምና ሁለት ሦስት ጊዜ ከላይ ወደ ታች ሲጫን የመጨረሻው ማጥበቅ ይደረግ። አላይመንቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ኮሮላ። ፍሪሲዮን ካስቀየርኩ ወዲህ ካምበሩ በግራ -1.4፣ በቀኝ +0.4 ያሳያል። ሁለቱም ሾክ አብዞርበር ይቀየር ተባልኩ።

መልስ፦ ገንዘብህን ያዝ። አማካዩ -0.5 ነው፤ አንዱ ጎን የጎደለውን ሌላው ጎን ያንኑ ያህል ጨምሮታል። ሎወር አርሞቹን የተሸከመው መስቀለኛ ብረት ለሥራው ወርዶ ሲመለስ ወደ ጎን ተንሸራቶ ታስሯል። ቡሎኖቹን አላልቶ ወደ ቦታው መግፋትና እንደገና ማጥበቅ ነው፤ የሚገዛ ዕቃ የለም። አንድ ጎን ብቻ ቢሳሳት ኖሮ የታጠፈ ነገር ፈልግ እልህ ነበር።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን ሁለት ቤት ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጡኝ።

መልስ፦ እዚያው ማሽን ላይ ሁለት ጊዜ አስለካ፦ ተለክቶ ይውጣ፣ ትንሽ ተነድቶ ይመለስ፣ ጎማው ላይ የታሰሩት የማሽኑ መያዣዎች ተፈትተው እንደገና ይታሰሩ። ጠቅላላው ቶ ከ0.1 ዲግሪ በላይ ከተለያየ፣ በትንሽ መኪና ጎማ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ወይ ማሽኑ አይታመንም ወይ መኪናው ውስጥ የላላ ነገር አለ። የጎማው ንፋስ እኩል ካልሆነ፣ ወይም መያዣው በተጣመመ ቸርኬ ላይ ታስሮ ጎማው ሳይንከባለል ከተለካ ቁጥሩ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ በቶ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ስህተት ይህን ያህል ጎማ ይበላል?

መልስ፦ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጎማ 1.5 ሚሊ ይደርሳል። የጎማው ዲያሜትር ከጫፍ ጫፍ 600 ሚሊ ቢሆን፣ በየኪሎ ሜትሩ 2.5 ሜትር ወደ ጎን እየተጎተተ ይሄዳል። እጅህን በጥርሱ ላይ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አሂድ፤ በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘህ ቶው ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ሃይሉክስ ነው፤ ኮረኮንች ላይ ስለምሠራ በየወሩ ካምበሩ ይለወጣል።

መልስ፦ እርስዎ ዘንድ የሎወር አርሙን ማስተካከያ ቡሎኖች ይመልከቱ። ልኩን የሚይዘው ቀዳዳው ከመሃሉ ወጣ ያለ ክብ ዋሸር ነው፤ በደንብ ካልጠበቀ ምት ሲያገኘው ይንሸራተታል። ቡሎኑ ዝጎ ከጎሚኒው ብረት ጋር ከተጣበቀ ደግሞ የሚያስተካክለው ሰው ጎሚኒውን ጠምዝዞ ነው ቁጥር የሚያመጣው፤ ጎሚኒው ያንን ቁጥር መልሶ ይወስድበታል። ቡሎን፣ ዋሸርና ጎሚኒ አብረው ይቀየሩ። ሲስተካከልም መጀመሪያ ካስተር (ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበል)፣ ቀጥሎ ካምበር፣ በመጨረሻ ቶ።

ጥያቄ፦ በ90 ሲነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ መጀመሪያ ባላንስ አሠራ። አላይመንት አይደለም።

ጥያቄ፦ የታጠፈውን ታይሮድ በእሳት አቃንተውልኛል፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ዛሬውኑ ቀይረው። በእሳት የተቃና ብረት ጥንካሬውን ያጣል፤ እንደገና ይታጠፋል ወይም ይሰበራል፤ ያኔ ያ ጎማ መሪውን አይሰማም። አዲሱ ሲገባ መሪው መሃል ላይ ይሁንና በግራና በቀኝ ታይሮድ ላይ የሚታየውን የዳዶ መዞሪያ ጥርስ ቁጠር። ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ገና ያልተገኘ ሌላ የታጠፈ ዕቃ አለ።