ማን ማንን አስቆጣ?

የእህቴ ልጅ እዚህ ሐዋሳ በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ተቀጥራለች። እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲያስቸግራት ትደውልልኛለች። ሰሞኑን «ጋሼ፣ ፕሮቮክና ኢንሳይት (provoke እና incite) አንድ አይደሉም እንዴ? ስልኬ ሁለቱንም ማነሳሳት ይላቸዋል» አለችኝ። መልሱን ነግሬያት ስልኩን ዘጋሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

በወጣትነቴ እዚሁ ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው ፋብሪካ የአስተዳደር ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ የፈረቃ ኃላፊ አንዱን የማሽን ሠራተኛ በሰው ፊት በእናቱ ሰደበው። ልጁ እጁን አላነሳም። «እናቴ ምን አደረገችህ?» ብሎ ጮኸ እንጂ። በአጠገቡ የነበሩት ይህን ሲሰሙ ማሽናቸውን አቆሙ። በምርመራው ላይ አንድ ምስክር «እሱ ሲናገር ሰዉ ሁሉ ተቆጣ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ሰዉ የተቆጣው በኃላፊው ነው። ሥራ አስኪያጁ የውጭ ዜጋ ስለነበር ቃሉ ተተርጉሞ ሲቀርብለት ልጁ ሠራተኛውን «ኢንሳይት አደረገ» ሆኖ አረፈው። ለአለቃዬ «ይሄ እኮ አሳዳሚ ያደርገዋል» አልኩት። «ያው ማናደድ ነው፤ ታይፕ አድርገው» አለኝ። ሦስተኛው የካርቦን ቅጂ ስለደበዘዘ ፊደሎቹን በእስክሪብቶ እንዳደምቅ ታዘዝኩ፤ ያቺንም ቃል አደመቅኳት።

የስንብት ደብዳቤው እንግሊዝኛ ነበር። ልጁ ወረቀቱን ገለባብጦ «ምን ይላል?» ሲለኝ አለቃዬ ቀደመኝና «ፈርም ብቻ» አለው። ስሙን ፊደል በፊደል ጽፎ ፈረመ። የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ በምን ቃል እንደተባረረ ሳያውቅ መሄዱ። ጥሩ ሰው ነበር ልላችሁ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አላውቀውም። እሁድ እሁድ አሞራ ገደል ወርዶ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ሲበላ አየው ነበር፣ በቃ።

ፕሮቮክ ሲሆን የተነካውና የሚቆጣው አንድ ሰው ነው። ኃላፊው ነካው፣ ልጁ ተቆጣ። መተንኮስ፣ ጠብ መጫር የምንለው ነው፤ ሳያስቡትም ሊሆን ይችላል። ኢንሳይት የሚያደርግ ሰው ግን ሌሎችን ለድርጊት ይገፋል፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው ላይ። ሳያስቡት አይሆንም። ሕግም ይለያቸዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በከባድ ትንኮሳ ተናዶ ላጠፋ ሰው ቅጣት ያቀልለታል፤ ሌላውን ወንጀል እንዲሠራ ያነሳሳ ግን ራሱ ይጠየቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም በሥራ ቦታ አምባጓሮ ያስነሳን ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚፈቅደው የነገሩ ክብደት ታይቶ ነው። እንግዲህ ማን እንደጀመረው በወረቀቱ ላይ ከተገለበጠ ክብደቱ በምን ይታያል?

የዛሬ ልጆች ስልኩ ያላችሁን ቀድታችሁ ትልካላችሁ። ሰነፎች ናችሁ አልልም፤ እኛ ለቢሮው በሙሉ አንድ መዝገበ ቃላት ነበረን፣ እሱም አለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበት ነበር። ስልክ ቢኖረን እኛም እንዲሁ ነበርን። ግን የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግዙ፤ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለውን። ኢንሳይትን ሲሰሙት ማስተዋል ከሚለው ኢንሳይት (insight) ጋር የሚያምታቱትም አሉ። የአነሳሹ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ይጠብቃል፣ የማስተዋሉ መጀመሪያው ላይ።

ማናደድ የሚሉ ሌሎች የእንግሊዝኛ ቃላትም አሉ። አኖይና ኢሪቴት (annoy, irritate) ቀላል ናቸው፤ ጎረቤት ሙዚቃ ሲያስጮህ የሚሰማችሁ ዓይነት። ኤግዛስፐሬት (exasperate) ግን በአንዴ አይመጣም፤ ያው ነገር ሲደጋገም ትዕግሥት ሲያልቅ ነው፤ ሥሩ በላቲን ሻካራ ማለት ነው። ኢንፊዩሪኤት (infuriate) ጨርቅ ያስጥላል። ኢንሰንስ (incense) የምወደው ቃል ነው፤ እንግሊዞቹ ዕጣንንም ማናደድንም በአንድ ፊደል ይጽፉታል፤ ሁለቱም ማቃጠል ከሚል የላቲን ቃል የመጡ ናቸው። የእኛም «አነደደ» እና «አናደደ» ከአንድ ሥር ነው፤ ማንም ከማንም ሳይቀዳ።

አግራቬት (aggravate) ላይ ግን ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። መጀመሪያ ትርጉሙ ማክበድ፣ ማባባስ ነው። ማናደድ ለማለት እንግሊዞቹ ራሳቸው ከ1600ዎቹ ጀምሮ ይሉታል፤ ጥንቁቆቹ ግን ሲነቅፉት ኖረዋል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ጉዳት ተባባሰ ለማለት ብቻ ጻፉት። እኔ ራሴ የውኃ ቢል ሲመጣ በማናደድ ትርጉሙ እጠቀምበታለሁ፤ እሱ በቃል ስለሆነ አይቆጠርም።