አለቃዬ ሰው አያከብርም፤ ሥራውን ብለቅ እምነት ማጣት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። እህል ገዝቶ በሚሸጥ ድርጅት መጋዘን ላይ እሠራለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ፊት ይሳደባል። የትርፍ ሰዓት አይከፈለንም። እሑድም ብዙ ጊዜ እንገባለን። የሚሾመው ወሬ የሚያቀብል ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን ገበሬው ያመጣውን በቆሎ ኪሎ አጉድዬ እንድጽፍ መታዘዜ ነው፤ ጽፌም አውቃለሁ። ቤተሰቦቼ «ቻለው፣ መስቀልህ ነው» ይሉኛል። አንድ ባልደረባዬ አለቃውን የሚያለዝብ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ አለኝ። በሰውዬው ቂም ስለያዝኩ ከቁርባን ርቄያለሁ። ብለቅ እምነት ማጣት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ሥራ መልቀቅ ኃጢአት አይደለም። ሚዛን ማጉደል ግን ኃጢአት ነው። ስለዚህ ከሚዛኑ እንጀምር፤ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም።

አንድ ገበሬ ከወምበርማ ጆንያውን ጭኖ ይመጣል። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ላይ የዋለበት እህል ነው። ማዳበሪያውንም በብድር የገዛው ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ 100 ኪሎ እያለ አንተ 97 ብለህ ስትጽፍ፣ ያቺ ሦስት ኪሎ የምትነሣው ከልጁ ደብተር፣ ከቤቱ ጨውና ዘይት ላይ ነው። ያዘዘህ አለቃው ቢሆንም እስክሪብቶው ያለው በአንተ እጅ ነው። አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደሆነ በምሳሌ 11፥1 ተጽፏል። ለአለቃ መታዘዝ ተገቢ ነው፤ ግን ወሰን አለው። ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል ያሉት ሐዋርያት ናቸው (ሐዋ. 5፥29)።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሚዛኑ ያለውን ጻፍ። ለአለቃህም ብቻውን ስታገኘው በትሕትና ንገረው። ጌታችን በማቴዎስ 18፥15 ያስተማረን ቅድሚያ ለብቻ መነጋገርን ነው። ሰው ፊት ካዋረድከው አንተም የእሱን መንገድ ያዝክ ማለት ነው። እስካሁን ያጎደልከውን ደግሞ ለንስሐ አባትህ ተናገር። ገበሬዎቹን የምታውቃቸው ከሆነ እንዴት እንደምትክስ፣ የማታውቃቸው ከሆነ ምን እንደምታደርግ እሳቸው ይመሩሃል። ዘኬዎስ ከልቡ ሲመለስ በማታለል የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው።

አሁን ወደ «መስቀልህ ነው» እንምጣ። ቤተሰቦችህ ክፉ አስበው አይደለም። ሥራ አጥተህ እንዳትንከራተት ፈርተው ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 2 ለጠማማ ጌታም መታዘዝን ያስተምራል። ነገር ግን ያን ቃል የተናገረው ለሎሌዎች ነው። እነሱ ጌታቸውን ትተው መሄድ አይችሉም ነበር። አንተ የሥራ ውል ያለህ ሰው ነህ። ደግሞ ይህ ቃል ለሠራተኛ ሲጠቀስ አዘውትሬ እሰማለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ጌቶችን ዛቻውን ተዉ ማለቱ (ኤፌ. 6፥9)፣ ቅዱስ ያዕቆብም የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ማለቱ (ያዕ. 5፥4) ግን ለአለቆች ሲነገር እምብዛም አልሰማም። ድርጅት የምታስተዳድሩ ምእመናን፣ ዐሥራት አውጥታችሁ የሠራተኛውን ላብ ብታስቀሩ እግዚአብሔር አይደሰትበትም። እባካችሁ ይህን አስቡበት።

የይስሐቅን ልጅ ያዕቆብን ተመልከት። አጎቱን ላባን ሃያ ዓመት አገለገለው። ላባ ደመወዙን አሥር ጊዜ ለወጠበት። ያዕቆብ ቀን በሐሩር፣ ሌሊት በቁር ተቃጠለ፣ እንቅልፍም አጣ። እንዲያም ሆኖ ሥራውን አልበደለም፤ አውሬ የሰበረውን በግ እንኳ ከራሱ ይከፍል ነበር። በኋላ ግን ተመለስ ያለው እግዚአብሔር ራሱ ነው (ዘፍ. 31፥3)። መውጣት እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልታዘዘ ነበር። ያዕቆብ ግን ለላባ ሳይነግር ነው የተነሣው፤ ላባም ሰባት ቀን ተከታትሎ ገለዓድ ላይ ደረሰበት። ነገሩ ያለቀው ፊት ለፊት ተነጋግረው፣ ቃል ኪዳን ገብተው፣ አብረው እንጀራ በልተው ነው። አንተ ስትወጣ ተሰናብተህ ውጣ። በጎጃማችን የቅኔ ተማሪ ከዋሸራ ተነሥቶ ወደ ጎንጅ ሲሻገር ከዳ የሚለው የለም። መምህሩን ተሰናብቶ፣ ተመርቆ ይሄዳል።

ቂሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከደመወዝህ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሰው ሲሰድብህ ማዘንህ ቂም አይደለም። ሰውየው ያደረገውን ትክክል አይደለም ማለትም ቂም አይደለም። ቂም ማለት ማታ ተኝተህ ስድቡን እየደጋገምክ ማሰላሰል፣ ክፉ እንዲገጥመው መመኘት፣ ሲወድቅ ለማየት መጓጓት ነው። ሻይ ቤት ተሰብስቦ ስሙን ማንሣትም ያፋፍመዋል። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ከወሬ አቀባዩ ብዙም አትለይም። «ይቅር ልበለው እንጂ እሱ ይቅርታ አልጠየቀኝም» ትል ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 12፥18 ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ይላል። ከአንተ የሚጠበቀው የአንተው ድርሻ ነው። የክርስትና ስሙን ካወቅክ ማታ በጸሎትህ ስሙን ጥራ። መጀመሪያ አንደበትህ ይከብድሃል። ቢከብድህም አታቋርጥ። አለቃህ እስኪለወጥ እየጠበቅክ ከሥጋውና ከደሙ አትራቅ። ሰይጣን ሥራህን ካስመረረህ በኋላ ቁርባንህንም ከነጠቀህ ሁለት ጊዜ አሸነፈህ ማለት ነው። በዚህ ሳምንት ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ።

መድኃኒት የተባለውን ጨርሶ አትሞክረው። የሰው ልብ በእግዚአብሔር እጅ ነው። ያንን ባልደረባህንም በፍቅር ምከረው።

መብትህን መጠየቅ ትዕቢት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ትርፍ ሰዓት ለብቻው ይከፈላል። የሳምንት ዕረፍት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ነው፤ በተቻለ መጠንም እሑድ እንዲውል ይላል። እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ፈቃድ ስትጠይቅ ይህን ይዘህ በትሕትና ጠይቅ። የሙከራ ጊዜህን የጨረስክ ከሆነ ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ መልቀቅ ትችላለህ።

እንግዲህ ቆይ ወይም ልቀቅ ብዬ እኔ አልወስንልህም። ቤትህን፣ ያለብህን ዕዳ፣ በእጅህ ያለውን የምታውቀው አንተ ነህ። የሚቻል ከሆነ ሌላ ሥራ እየፈለግክ ቆይ። ኪሎ አጉድል ብለው ካስገደዱህ ግን፣ እምቢ ማለትህ ሥራህን ቢያሳጣህም እሱን እንጀራ አትብላ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ስትጽፍ ስድብ አታስገባበት። ያልተከፈለህን የትርፍ ሰዓት ቀንና ሰዓቱን ዘርዝረህ ጠይቅ፤ አንዱን ቅጂ አስፈርመህ ያዝ። የመጋዘኑንም ንብረት ቆጥረህ በሰው ፊት አስረክብ። የክርስትና ስምህን ላክልኝ፤ በጸሎት አስብሃለሁ።